ትንፋሽ የሚያጥረው ትራክተር

መርዶው የደረሳት ረፋዱ ላይ፣ ልብስ ስታጥብ ነው። ጎረቤቷ እያለከለከች ገብታ በሩን ተደገፈች።

«ባልሽን ወንድሙ በመፍቻ መታው።»

«ተረፈ?»

ጎረቤቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

ነገሩ የከረመ ነው። አባትየው ሲሞት አሮጌው ትራክተር ለታላቁ ደረሰ። ታናሹ፣ የእሷ ባል፣ ሹፌር ሆኖ ሠራበት። ታዲያ ትራክተሩ መሃል እርሻ ላይ ትንፋሽ እያጠረው መጥፋት አመጣ። ትንሽ ሲያርፍ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ታላቅየው ፊልትሮውን ቀየረ፣ የናፍጣ ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ ፓምፑን አስፈታ። ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ ወንድሙን አባረረና መሪውን ራሱ ያዘ። ትራክተሩ አሁንም ይጠፋል።

«የናፍጣ ታንኩ መውጫ ላይ የሆነ ነገር እየተለጠፈ ነው» አለው መካኒኩ። «ሞተሩ ሲስብ ይዘጋዋል፣ ሲያርፍ ይለቀዋል። ይውረድና ይታጠብ።»

«በዘር ሰዓት ታንክ አላወርድም! ቆሻሻ የሚከትበትን ሰው መች አጣሁት? ያባረርኩት ወንድሜ ነው!»

በማግስቱ ወንድማማቾቹ ገበያ መሃል ተናነቁ። ታናሹ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። «ቅናት እንዲህ ያደርጋል» አለ ያየ ሁሉ። ሚስትየውም አፏን ዘጋች እንጂ ልቧ ከሰዉ ጋር ነበር።

መርዶው በደረሳት ዕለት ጠዋት ባሏ ያበጠ ከንፈሩን እየዳሰሰ ሲወጣ በሩ ላይ ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«የዚያን ትራክተር ጉድ ዛሬ እጨርሰዋለሁ።»

«ኧረ ተው፣ ወንድምህ ነው!»

«ለዚያ ነው እኮ» ብሏት ሄደ።

ታላቅየው ቁርሱን በልቶ ሲመለስ፣ ወንድሙ ታንኩ አፍ ላይ ተደፍቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከቶ አገኘው። እጅ ከፍንጅ! አንዱ ምት በበቃ ነበር። እሱ ግን መፍቻው ከእጁ እስኪያመልጥ ድረስ ወቀጠው። ደሙ ከናፍጣው ጋር እየተቀላቀለ በጎማው ላይ ወረደ።

ሬሳውን በዚያው ትራክተር ተጎታች ጭኖ አመጣላት። ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ አንዴም አላንገራገረም። ግቢዋ መሃል አቁሞ፣ ሳያጠፋው ወረደ።

«ይኸው ስሙት!» አለ፣ ደም በነካ ጣቱ ወደ ሞተሩ እያመለከተ። «በሽታው ማን እንደነበረ አያችሁ? ፖሊስም ይምጣ፣ ይህንኑ ነው የምነግረው።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ለምቀኛ ማን ያለቅሳል? ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ አንድ በአንድ ሹልክ አለ። የባሏን ስም የሚያነሳ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ፤ እሷም ቀና ብላ የሰው ፊት ማየት አቃታት።

ብቻዋን ልታጥበው ተቀመጠች። ቀኝ እጁ እንደጨበጠ ደርቋል። ጣቶቹን እያሻሸች አላቀቀቻቸው።

መዳፉ ውስጥ ከታንኩ ክዳን የወለቀ ክብ ጎማ ነበር፤ ስንት ወር ናፍጣ ውስጥ ኖሮ እንደ እንጉዳይ አብጧል፣ አተላ ለብሷል። አንባቢ ሆይ፣ ነፍስ ይማር በልለት።