አሥራ አራተኛው ስላይድ

«አሥራ ሁለት፤ ጤነኛ ነው። ምንም የለውም፤ ይጻፉ ጋሼ።»

ጋሼ ቀለም ጻፉ። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን በዚህ ላቦራቶሪ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከታካሚ የተቆረጠ ሥጋ እያሳሱ ሲሸነሽኑና በቀለም ሲነክሩ ጣታቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ቀረ፤ ስሙንም ያገኙት ከጣታቸው ነው። ዶክተሯ በማይክሮስኮፕ ታያለች፤ ያየችውን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ እሳቸው መዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ። እሷ የምታውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ስም ያለበት ወረቀት ከእሳቸው ክርን ሥር ይቀመጣል፤ ስሙን ወደ መዝገቡ የሚገለብጡት ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ስም ዓይንን ያስዳላል ብላ ይህን ሥርዓት ከተማረችበት አገር ያመጣችው ራሷ ናት።

አሥራ ሦስተኛውን ስላይድ፣ ሥጋው የተለጠፈበትን ስስ መስታወት፣ አስቀመጡላት። ቀጥሎ ያለው አሥራ አራት የእሳቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከመንጋጋቸው ሥር እብጠቱን ቆርጦ ሲያወጣው ለዶክተሯ ትንፍሽ እንዳይል አስምለውታል። ከዚያ የገዛ ሥጋቸውን በገዛ እጃቸው ሸነሸኑ፣ በቀለም ነከሩ፣ ከሌላው ሰው ጋር ደረደሩት። ብታውቅ ዓይኗ እንባ ይሞላል፤ እንባ የሞላ ዓይን ደግሞ የሚያየው የሚመኘውን ነው። እሳቸው የፈለጉት እውነቱን ነው። እውነቱም «ምንም የለውም፤ ይጻፉ ጋሼ» እንዲሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲለምኑ አድረዋል።

«ይሄ ሻርፕ ግን አልሞቀዎትም?» አለች ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ። «ሙሽራ መስለዋል እኮ!»

«ካረጁ አይበጁ ሲሉኝ፣ እስቲ ልበጅ ብዬ ነዋ።»

ሳቀች። ተማሪ ሆና እዚህ ስትመላለስ የነበረው ሳቅ ነው፤ ባሕር ማዶ አልለወጠውም።

ሆስፒታሉ ለትምህርት ሲልካት አራት ዓመት ነበር የተባለው። እሷ ከመምጣቷ በፊት ናሙናው ሁሉ በቀለም ተነክሮ፣ ታሽጎ ውጭ አገር ይላክ ነበር፤ መልሱ ከአምስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከቀብር በኋላ ይደርስ ነበር። የሚያሽጉት እሳቸው ስለነበሩ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ያውቃሉ። አራተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ደወለች። «ጋሼ፣ የዕጢ ነገር ለብቻው የሚያስተምሩበት ቦታ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ብቻ ልጨምር?»

ስልኩን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ከመንጋጋቸው ሥር የበቀለች ሽምብራ የምታህል ነገር እየዳበሱ ነበር። «ጨምሪ ልጄ፤ እኛ የት እንሄዳለን ብለሽ ነው?» አሏት። ያን ቀን እሷ እስክትመጣ ላያስቆርጡ ወሰኑ። ሌላ ሰው እንዲያይላቸው አልፈለጉም። ጅልነት ነው፤ ሰው ግን በሚወደው ላይ ጅል ነው። መጣች፤ ከመጣች ዛሬ አንድ ወሯ ነው።

«አሥራ ሦስትም ጤነኛ! ዛሬ ቀኑ ደግ ነው።»

አሥራ አራትን አነሱ። ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገቡላት።

ዶክተሯ አጎነበሰች። «ውይ ሲያምር! ቀለሙን ማለቴ ነው። እጅዎ ይባረክ ጋሼ፤ እዚያ በማሽን እንኳ እንዲህ አይወጣም።»

ከዚያ ማጉያውን ቀየረች፤ ደግማ ቀየረች። ጋሼ ቀለም ትከሻዋን ያያሉ። በዚህ አንድ ወር መልሱን ከትከሻዋ ማንበብ ለምደዋል፤ ጤነኛ ከሆነ ዘና ይላል። አሁን ዘና አላለም።

«ይጻፉ። ካንሰር ነው። የምራቅ ዕጢ ላይ የሚወጣው፣ ክፉው ዓይነት። ነርቩን ተከትሎ ሄዷል።» ቀና አለች። «ሁለቱን ዓመት የቆየሁት እኮ እንዲህ ያለውን ለመለየት ነው፤ ድሮ ቢሆን ምንም አይደለም ብዬ አሳልፈው ነበር።»

ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ አይፈረድባትም። ጋሼ ቀለም ያለችውን አንድም ሳያስቀሩ ጻፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገቡም ያዘው። ስላይዱን አንስተው ወደ ሳጥኑ መለሱት።

«ከጀመረው ስንት ጊዜ ነው ይላል?»

ወረቀቱን ማየት አላስፈለጋቸውም። «ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት! ያኔ ቢያስቆርጠው ተነቅሎ ያልቅለት ነበር እኮ። ምን ሲጠብቅ ነው ይሄ ሰውዬ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ጋሼ ቀለም የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙ።

«ይሻለኛል ሲል ነዋ» አሉ።

«ይጠራልኝ፤ እኔው ራሴ ላናግረው። ስሙ ማነው?»

«አሥራ አምስት አለ፤ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ» አሉ። መዝገቡንም ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ዶክተሯ ዞራ መዝገቡን አየችው። አሥራ አራተኛው መስመር በዚያ በማይዛባ ጽሕፈት ሞልቷል፤ የስሙ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ከዚያ እጃቸውን አየችው። ወይን ጠጅ የሆነው ጣት፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ሻርፑ ሥር ገብቶ መንጋጋውን ይዳብሳል። ከሻርፑ ጠርዝ ነጭ ፋሻ ብቅ ብሏል።

«ሁለት ዓመት...» አለች በለሆሳስ። ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር፤ ስልክ የደወለችበት ቀን ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ።

«ዶክተር፣ አሥራ አምስት» አሏት፣ ስላይዱን ዘርግተው።

አልተቀበለቻቸውም። ፊቷን መለሰች፤ አጎንብሳ ዓይኖቿን ማይክሮስኮፑ ላይ ተከለች፤ ማስተካከያውን በዝግታ ታዞር ጀመር። ከሥሩ ምንም አልነበረም።