ማሞቂያው አጠገብ

ባሏ ክረምቱን ሙሉ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይህን አሮጌ የጋዝ ማሞቂያ አስነቅለን፣ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ በመብራት የሚሠራውን እናስገባ» ይላታል። እሷ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ መጣል አይሆንላትም። የካናዳዋ ካልጋሪ ብርድ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በገባበት ሳምንት ንዝንዙ ቢያስመርራት፣ «ከበረደህ ቤዝመንት ውረድና ማሞቂያው አጠገብ ተኛ!» አለችው። ፍራሽና ትራሱን ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልተነሣም። ድሮም የልብ ሕመምተኛ ስለነበር፣ ሁሉም ልቡ ነው አለ።

አርባው እስኪወጣ እንባ አልመጣላትም። ከዚያ በኋላ ‘እንግዲህ ፈቃዱ ይፈጸም’ ብላ ማሞቂያውን የሚቀይር ባለሙያ ጠራች። የመጣው ያገሯ ልጅ ነበር። ማሞቂያውን ከፍቶ በባትሪ አየውና ቶሎ ብሎ ጋዙን ዘጋው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ውስጡ ተሰንጥቋል። የሚያወጣው ጭስ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ነው የሚያስቀረው። እዚህ የሚተኛ ሰው አለ እንዴ?»

ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ፍራሽ አየችው።

«የለም» አለች።

«እግዜር ጠብቆዎታል» አለና የሥራ ውሉን ዘረጋላት።

ፈረመች።