ኖራ የተቀባ ጫካ

የደን ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጫካውን ሊገመግሙ ከመጡት እንግዶች ጋር ከመኪና ወርዳ የጫካውን መግቢያ ስታይ ራሷን ያዘች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከጣውላ ቆራጮቿ ጋር ስትነታረክ ከርማለች። "አትንኩት! የወደቀው ግንድ እዚያው ይበስብስ፣ ቁጥቋጦው ይደግ፣ አውሬው ይመለስ!" ዛሬ እንግዶቹ አውሬ ለመመለሱ ምልክት ካላዩ፣ ያገገመው የጫካው ግማሽ እንደገና ለመጋዝ ይሰጣል። እሷ ከተማ ባደረችበት ምሽት ታዲያ ሠራተኞቿ ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ መሬቱን በመጥረጊያ ጠርገው፣ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ኖራ ቀብተው ጠበቋት።

"ምን አደረጋችሁኝ ጋሽ ወዳጆ?" አለች የሠራተኞቹን አለቃ።

"እንዴ ዶክተር! እንግዳ እየመጣ ዝም ይባላል?" አሉ ኮራ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይልቅ ጉድ ሆነናል። ለምሳ የገዛነውን ሙክት ሌሊት ሌባ ወሰደብን። እዚያ ዝግባው ሥር አስረነው ነበር።"

እንግዶቹ "ይሄማ መናፈሻ ነው" እየተባባሉ ወደ መኪናቸው መመለስ ጀመሩ። እሷ እንደተናደደች ወደ ዝግባው ሄደች። ገመዱ ተበጥሷል። ማታ በተቀባው እርጥብ ኖራ ላይ አራት ጥፍር ከላይ እስከ ታች ቧጥጦበታል። በተጠረገው መሬት ላይ ደግሞ ኖራ የነካው የነብር ዱካ፣ ሙክቱ ከተጎተተበት መስመር ጎን ለጎን፣ ነጭ ሆኖ ወደ ጫካው ይገባል።

"ጋሽ ወዳጆ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "እንግዶቹን ይጥሩልኝ። ደግሞ የተረፈ ኖራ አለ?"