የተገኙ ዕቃዎች ቅጽ

«ይሄኛውስ ጋሼ?» አለች አሻጊዋ፣ የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ይዛ።

«እሱ ባዶ ነው፤ እንዳለ ይሂድ» አልኳት።

«እንዳለ የሚሄድ የለም። መሳቢያ አውጥተን ነው የምንጭነው።»

ሁለት ሰዓት እንመጣለን ብለው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ያንኳኩ ሰዎች ናቸው። ከቀጠሮው ቀድሞ የመጣ ሠራተኛ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም ባላይ ምን ነበረበት። ያቺን ግማሽ ሰዓት ለዚህ መሳቢያ ነበር ያስቀመጥኳት። ቤት ስንቀይር ዕቃውን የሚያሽግ ባለሙያ ይምጣ ያለችው ባለቤቴ ናት። «አንተ ካሸግኸው ግማሹ ይሰበራል፣ ግማሹ ይጠፋል» ብላ።

አሻጊዋ መሳቢያውን አውጥታ ገለበጠችው። ከሥሩ የተለጠፈ ነገር አየች። ፕላስተሩን ላጠችና ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ የተቋጠረ መሐረብ በመዳፏ ያዘች። አልፈታችውም።

«አለቃ! የተገኘ ዕቃ!»

አለቃዋ እስክሪብቶውን አንገቱ ላይ በክር አንጠልጥሎ መጣ። «ደንባችን ነው ጋሼ። የተገኘ ነገር ባለቤቱ ፊት ይፈታል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል።»

«ምን አስፈለገ?»

«አንድ ቤት ሰዓት ጠፋ ተብሎ ይቺን ልጅ ፈትሸዋታል። ከሳምንት በኋላ ከሰውዬው ሶፋ ውስጥ ተገኘ።»

«ይቅርታ ጠየቋት?»

«ደውለው መገኘቱን ነገሩን» አለች አሻጊዋ ቋጠሮውን እየፈታች። «በጣም ደስ ብሏቸዋል።»

ቀለበቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሽከረከረና ጫማዬ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴ ጣቷ አብጦ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አውልቃ የሰጠችኝ ነው። በኋላ ስትፈልገው «መልሼልሻለሁ» አልኳት፤ የመለስኩም መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ የሰው ሰው ሞግዚቷ ብቻ ነበረች። አራት ዓመት ትልቁን ልጃችንን ያሳደገች ናት። ሻንጣዋን በር ላይ ያስከፈትኳት እኔ ነኝ። እንዳላዝረከርክባት ልብሷን አንድ በአንድ ራሷ አወጣች፤ ምንም ሲታጣ አንድ በአንድ አጥፋ መለሰች። ልጄ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። እሷ አላለቀሰችም። ሄደች።

በቀጣዩ ብርድ ካፖርቴን ሳወጣ፣ የኪሴ ቀዳዳ ያሾለከው ቀለበት ገበሩ ውስጥ ተገኘ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ መሳቢያው ሥር ለጠፍኩት። ለጊዜው ነበር። አምስት ዓመት ሆነው።

«ምንድነው እንደ ለቅሶ ቤት የከበባችሁት?» ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ከዚያ አየችው። ካርቶኑን አስቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«እዚህ ነበር? ውይ፣ እኔን! ያቺን ልጅ...» ወደ እኔ ዞረች። «ሾልኮ ወድቆ ነዋ! አይደል? መሳቢያው ኋላ ወድቆ ነው።»

እኔ አምስት ዓመት ያልመጣልኝን ውሸት እሷ በአንድ ትንፋሽ ሠርታ ሰጠችኝ።

«ወድቆ ነው» አልኩ።

አለቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጽፋል። «የተገኘው፦ አንድ የወርቅ ቀለበት። ቦታ፦ ቁም ሳጥን፣ የታችኛው መሳቢያ ሥር። ሁኔታ...» አሻጊዋን አያት።

«በመሐረብ ተቋጥሮ፣ በፕላስተር ተለጥፎ።»

«ወድቆ ብትሉትስ?» አልኩ።

«ተቋጥሮ የሚወድቅ እስካሁን አላጋጠመንም ጋሼ» አለች። በነገር አልነበረም፤ የካርቶን ክብደት እንደምትናገር ነው ያለችው።

ባለቤቴ ቅጹን ተቀብላ አነበበችው። ሦስት መስመር ነው፤ ግን አልጨርስ አለች። ከኩሽና የፕላስተር መቅደጃው ድምፅ ይመጣል። ላቤ ግንባሬ ላይ መጣ፤ እጄ እንደ ልማዱ ኪሴ ገብቶ መሐረብ አወጣ።

ጠርጌ ስጨርስ ቅጹን አታይም ነበር። እጄን ነው የምታየው። ጠርዙ ሰማያዊ ነው። ግማሽ ደርዘን የገዛችልኝ ራሷ ናት።

«ስልኳ አለህ?» አለች።

«የማን?» አላልኩም።

«አለኝ።»

«ሁልጊዜም ነበረህ?»

«ነበረኝ።»

አለቃው እስክሪብቶውን ከአንገቱ አውልቆ ወደ እኔ ዘረጋ፤ ማንም አልተቀበለውም። አሻጊዋ ጎንበስ ብላ የተፈታውን መሐረብ ከወለሉ ላይ አነሳች። አራገፈችው፤ ከዚያ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ ሳትቸኩል፣ በመዳፏ እየዳመጠች አጠፈችው።