ሙፈሪሃት ያልተናገረችው ስም

«መምህር... አንድ ጥያቄ አለኝ።»

ናዝሬት እጇን ስታወጣ ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ዝምተኛ ናት፤ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

«ለሥራ ልምምድ ፕራክቲክ የወጣ ተማሪ የጠበቃ ቢሮውን ደንበኛ መንገድ ላይ አቁሞ ስለ ጉዳዩ ቢያወራ... ምን ይደረጋል?»

መምህሯ መነጽሯን አወለቀች።

«ምስጢር የመጠበቅ ግዴታውን ጥሷል ማለት ነው። ማነው እንደዚህ ያደረገው?»

ናዝሬት አጠገቧ ወደተቀመጠችው ልጅ ጠቆመች።

«ሙፈሪሃት ናት።»

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው...

ናዝሬትና ሙፈሪሃት ስቶክሆልም ውስጥ፣ አንድ የሙያ ኮሌጅ የጠበቃ ረዳትነት አብረው ይማራሉ። ናዝሬት ከኖርስቦሪ፣ ሙፈሪሃት ከሪንከቢ ነው የሚመጡት። ቀድማ የምትደርሰው ሙፈሪሃት ናት፤ ቦርሳዋን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አድርጋ ለናዝሬት ቦታ ትይዝላታለች።

በውጤት ግን ናዝሬት ትበልጣለች። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ታዲያ ሁለቱም አንድ የጠበቃ ቢሮ ለፕራክቲክ አመለከቱ...

የተመረጠችው ሙፈሪሃት ሆነች!

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ!» አለቻት ናዝሬት፣ አቅፋ እየሳመቻት።

በከንፈሯ ነው እንጂ ሆዷ ሌላ ይላል።

ከዚያ ወዲህ የሙፈሪሃት ነገር ሁሉ ያንገበግባት ጀመር። አዲሱ ጥቁር ኮቷ... አረማመዷ... ቢሮው በር ላይ የተነሳችው ፎቶ። ናዝሬት ፎቶው ሥር ቀይ ልብ አደረገችና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው።

የባሰው ደግሞ እናቷ ወይዘሮ አሰጋሽ ናቸው። ራት በቀረበ ቁጥር...

«ያቺ ሙፈሪሃት እንዴት ናት? አቤት ጨዋነት! ያሳደጋት ይባረክ።»

«እኔስ እማዬ?»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

ናዝሬት ሙፈሪሃትን «ዛሬ ቢሮ ምን ሠራችሁ?» ብትላት መልሷ አንድ ነው።

«አልሐምዱሊላህ... ሥራ ነዋ።»

«እሺ ክብርት ጠበቃ! ለእኛ ለተራዎቹማ አይነገርም!»

ሙፈሪሃት ሳቅ ብላ ወሬ ትቀይራለች።

አንድ ቀን የክፍላቸው ልጅ ኤፊ ወሬ ይዛ ከች አለች።

«ሙፈሪሃትን ሪንከቢ አደባባይ ላይ አየኋት እኮ! አንዲት ሐበሻ እናት እጇን ይዘው ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ... እሷ ‹አብሽሩ፣ አብሽሩ› ትላቸዋለች። የቢሮዋ ደንበኛ መሆን አለባቸው!»

«መሆን አለባቸው...» ናዝሬት ይቺን ብቻ ነበር የምትፈልገው።

እናም እጇን አወጣች።

መምህሯ «እውነት ነው ሙፈሪሃት?» ስትል፣ ናዝሬት አላስጨረሰቻትም።

«እስቲ ሴትየዋ ማን ናቸው? ተናገሪና እንመንሽ!»

ሙፈሪሃት ወደ ናዝሬት ዞረች። ትክ ብላ አየቻት። ልትናገር አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው።

«መናገር አልችልም።»

«ስማቸውን እንኳ?»

«ስማቸውን እንኳ።»

ጉዳዩ እስኪጣራ ሙፈሪሃት ወደ ቢሮው እንዳትሄድ ተባለ።

ናዝሬት በቱነልባና ባቡር ወደ ቤቷ ስትመለስ መስኮቱ ላይ የራሷን ፊት አየችው። ፈገግ ብሏል።

በማግስቱ ወይዘሮ አሰጋሽ ከውጭ መጡ። ከነጫማቸው፣ ከነኮታቸው ሳሎን ገብተው ዘፍ አሉ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ያቺ ልጅ ዛሬ ቀረችብኝ...»

«የቷ ልጅ?»

«ሙፈሪሃት ናታ! ፍርድ ቤት ክርክሩ ላይ አጠገቤ እቀመጣለሁ ብላኝ ነበር። እሷን ሳጣት ምላሴ ተሳሰረ። የተጠየቅኩትንም በቅጡ አልመለስኩ።»

«የምን ክርክር?»

ወይዘሮ አሰጋሽ ማልቀስ ጀመሩ።

«ዘመዳችን አድነው እኛ ጋ ያረፈ ጊዜ... አከራዮቻችን ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይታለች ብለው ሊያስወጡን ነው ልጄ። ጠበቃ ይዤ ስከራከር ከረምኩ። ብነግርሽ ትምህርትሽን ጥለሽ ሥራ ልግባ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ናዝሬት እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ጠበቃሽ... እኔ ያመለከትኩበት ቢሮ ናት?»

«አዎ። ጠርታኝ ‹የደንበኛዬን ልጅ እዚህ ማሠራት አልችልም፤ ምክንያቱን ልንገራት ወይ?› አለችኝ። በእግዚአብሔር እንዳትነግሪያት ያልኩ እኔው ነኝ!»

«ሪንከቢ ላይስ... ከሙፈሪሃት ጋር?»

«በርበሬ ልገዛ ሄጄ አገኘችኝ። ሆድ ባሰኝና አለቀስኩባት። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልወጣትም። ‹አብሽሩ እትዬ› ብቻ ነው ያለችኝ... አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ናዝሬት ብድግ አለች። ኮቷን ሳትቆልፍ ወደ ሪንከቢ ሮጠች።

በሩን የከፈተችው ራሷ ሙፈሪሃት ናት።

«ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ‹እናትሽ ናቸው› ብትዪኝ እኮ የማፍረው እኔ ነበርኩ! ለምን ዝም አልሽ?»

ሙፈሪሃት የበሩን እጀታ አልለቀቀችም።

«ስሙ የእናትሽ ነዋ ናዝሬት... የኔ አይደለም።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ቢሮው ድረስ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። ሙፈሪሃት ወደ ፕራክቲኳ ተመለሰች። ናዝሬትም እጇን ባወጣችበት ክፍል ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ከሳምንታት በኋላ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ መጣ... ቤቱ ተረፈ።

ሙፈሪሃትም «አውፍ ብያለሁ» ብላ ይቅር ብላታለች። ሰላምታዋ አልቀረም።

ቦርሳዋን ግን አሁን እግሯ ሥር ነው የምታስቀምጠው።

ወዳጆቼ... ሰው ቀማኝ ብለን የተቃጠልንበትን ነገር አንዳንዴ የከለከለን የሚወደን ሰው ነው። ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ አይምሰለን፤ የኛኑ ገመና ሸፍኖልን ሊሆን ይችላል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በሙፈሪሃት ቦታ ብትሆኑ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን ትውጡት ነበር?

ደግሞስ... ከልጃቸው የደበቁት እናት ጥፋት የለባቸውም ትላላችሁ?