ጉድጓድ የሚሰማው ጂፕ

እናንተዬ፣ መኪና ሁሉ ጉድጓድ ሳይሰማው በሚንሳፈፍበት ዘመን ነው፤ ጋሽ ድንበሩ ለአዲሷ ጂፓቸው ሞላና ጎማ ሊመርጡ ጋራዥ ሄዱ።

"ይሄኛው ሞላ ከፍራሽ ይለሰልሳል" አለቻቸው መካኒኳ ውድነሽ።

"ተይው ልጄ። ጠንካራውን ባሌስትራ፣ ጎማውንም ደረቁን ግጠሚልኝ።"

"ይንጣችኋል እኮ! ባለቤትዎ እትዬ ዘነበችስ ምን ይሉኛል?"

"እሷ እንኳ 'እኔን!' ካለችኝ ስምንት ዓመት አለፈ። በዚህ ዘመን ማን ይናጣል፣ ማን ይላተማል?"

ውድነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገጠመችላቸው።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ከከተማ ወጣ እንዳሉ ጂፗ ጉድጓድ ውስጥ ዘው አለች፤ የጋሽ ድንበሩም ራስ ከጣሪያው ጋር ተላተመ።

"እኔን! እኔን ይድፋኝ!" ብለው እትዬ ዘነበች መላጣቸውን ዳበሱላቸው። "በጣም አመመህ?"

"ትንሽ" አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ ቀጣዩን ጉድጓድ በዓይናቸው እየፈለጉ።