አልጋ ሥር የተነበበ ተረት

ደብረ ታቦር ውስጥ ከሰዓት በኋላ ተኩስ ሲጀመር ትዝታ የፍቅር ልቦለድ እያነበበች ነበር። ሁለቱ ፍቅረኞች ሊለያዩ የደረሱበት ገጽ ላይ ነበረች። መጽሐፉን ወርውራ የአምስት ዓመት ልጇን አቀፈችና አልጋ ሥር ገባች።

ልጅቷ የተረት መጽሐፏን አልለቀቀችም። «እማዬ፣ አንብቢልኝ» አለቻት።

ትዝታ መጽሐፉን መቶ ጊዜ ስላነበበችው ሰልችቷት ነበር፤ እንደ ፍቅር ልቦለዶቿ ልብ አያንጠለጥልም ትል ነበር። አሁን ግን ተረቱን ጀምራ ጅቡ የጥንቸሏን ጉድጓድ መቆፈር የሚጀምርበት ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ውጭ የጎረቤት በር በኃይል ተደበደበ። ገጹን መግለጥ አቃታት።

ልጅቷ ገለጠችላትና ወደ ጆሮዋ ተጠግታ፣ «አይዞሽ እማዬ፣ አይበላትም» አለቻት። «እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ።»